አንድ ተኩል ኪሎ ሜትር የሚወርደው ዘንግ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም ነዳጅ ከጉድጓድ እንዴት እንደሚወጣ ጥቂት ብለን ነበር። ከዚያ ወዲህ ከደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ አንድ ነገር ናቸው። ከላይ ራሱን እየነቀነቀ ከሚታየው ማሽን ሥር ወደ መሬት ስለሚወርደው ረጅም ብረት። ሳከር ሮድ ይባላል። ብዙ ሰው ይህን ዘንግ የማይለጠጥ የማይጎብጥ ድርቅ ያለ ነገር አድርጎ ነው የሚያስበው፤ ላዩ አንድ ሜትር ሲነሳ ታቹም አንድ ሜትር ይነሳል ብሎ። እንደዚያ አይደለም። ዘንጉ የሚሰበረውም፣ ስሌቱ የሚሳሳተውም አብዛኛውን ጊዜ እዚሁ ላይ ነው። ስለዚህ ዛሬ ዓምዱን ሙሉ ለእሱ ሰጥተነዋል። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ በምዕራብ ቴክሳስ ከባድ መኪና እነዳለሁ። በሚድላንድና በኦዴሳ መካከል እነዚያ ራሳቸውን የሚነቀንቁ ማሽኖች በመንገዱ ግራና ቀኝ ሞልተዋል። አንዳንዶቹ ቆመው አያለሁ፤ ስመለስ ደግሞ ሲሠሩ አገኛቸዋለሁ። ተበላሽተው ነው ወይስ ሰው እየመጣ ያጠፋቸዋል? ደግሞስ ያ ሁሉ ብረት ከላይ ሲንቀሳቀስ ታች ምን እየተደረገ ነው? (ከዳላስ)

መልስ፦ ሰላም ለእርስዎ ይሁን፣ መንገዱንም የሰላም ያድርግልዎ። ከሁለተኛው ጥያቄ እንነሳ።

ማሽኑ ፓምፕ ጃክ ይባላል። ሞተሩ በማርሽ ሳጥን በኩል ክራንኩን ያዞራል፤ ክራንኩ ያንን ትልቅ አግዳሚ ብረት ወደ ላይና ወደ ታች ያወዛውዘዋል፤ የፈረስ ራስ ከሚመስለው የአግዳሚው ጫፍ ላይ የሽቦ ገመድ ይንጠለጠላል፤ ከገመዱ ሥር ዘንጉ ይጀምራል። ክራንኩ ላይ የሚያዩት ግዙፍ ብረት ሚዛን መጠበቂያ ነው። እሱ ባይኖር ሞተሩ የዘንጉን ክብደት በየዙሩ ብቻውን ማንሳት ነበረበት። ይህ ባለ ሚዛን ቅርጽ የመጣው ከዚያው ከቴክሳስ ነው። በ1920ዎቹ አጋማሽ በሉፍኪን ከተማ ዋልተር ትራውት ያወጣው ንድፍ ነው መሠረቱ።

ዘንጉ አንድ ወጥ ብረት አይደለም። እያንዳንዱ ቁራጭ አብዛኛውን ጊዜ 7.62 ሜትር ይረዝማል፤ ውፍረቱ እንደ ጉድጓዱ ከ16 እስከ 29 ሚሊ ሜትር ነው። በመጋጠሚያ እየተጠበቀ ይያያዛል። ለ1,500 ሜትር ጉድጓድ ወደ 200 ቁራጭ ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ ቱቦ ውስጥ ገብቶ ይንጠለጠላል። ከታች ጫፉ ላይ ፕለንጀር አለ፤ በርሜል በሚባለው የፓምፑ ሲሊንደር ውስጥ የሚመላለስ ፒስተን ነው። ፕለንጀሩ ውስጥ አንድ ቫልቭ፣ ከሱ ሥር ደግሞ የማይንቀሳቀስ ሌላ ቫልቭ። ዘንጉ ወደ ላይ ሲሳብ የፕለንጀሩ ቫልቭ ይዘጋል፣ ከላዩ ያለው ፈሳሽ በሙሉ ዘንጉ ላይ ይንጠለጠላል፣ ከሥሩ አዲስ ድፍድፍ ዘይት ይገባል። ሲወርድ የፕለንጀሩ ቫልቭ ይከፈታል፣ የፈሳሹ ጭነት ከዘንጉ ወርዶ በታችኛው ቫልቭ በኩል ቱቦው ላይ ያርፋል። በቀን በሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ ያ ጭነት ዘንጉ ላይ ይወጣል፣ ይወርዳል።

አሁን ወደ ቆሙት። ዘይቱ በማለቁ ወይም ዘንግ በመሰበሩ የቆመ ይኖራል። ቆሞ ያዩት ተመልሶ ሲሠራ ካገኙት ግን ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ሌላ ነው፤ ፓምፑ ከጉድጓዱ ፈጥኖበት ነው። ዓለቱ ዘይቱን የሚለቀው በራሱ ፍጥነት ነው። ፓምፑ ከዚያ ከፈጠነ በርሜሉ ሳይሞላ ይቀራል፤ ፕለንጀሩ በባዶው ውስጥ ወርዶ መሀል ላይ ፈሳሹን በድንገት ይመታል። ይህ ምት በብረቱ ውስጥ ወደ ላይ ይሮጣል፣ ዘንጉንም ማርሹንም ይጎዳል። ስለዚህ ከጎኑ ያለች አንዲት ሳጥን የዘንጉን ጭነት በየዙሩ ትለካለች፣ ታች ምን እንደተፈጠረ ታሰላለች፣ «አልሞላም» ስትል ሞተሩን ታቆመዋለች። ጉድጓዱ ትንሽ ሲሞላ መልሳ ታስነሳዋለች። ሰው አያስፈልግም። ከላይ ተለክቶ ታች እንዴት ይታወቃል የሚለውን ቀጥሎ ያለው ጥያቄ ይነካዋል፣ እሱንም ያንብቡት።

ጥያቄ፦ የመጨረሻ ዓመት የሜካኒካል ኢንጂነሪንግ ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ሥራዬ የሳከር ሮድን ሜካኒካዊ ባሕርይ በኮምፒውተር ሞዴል ማድረግ መርጫለሁ። አማካሪዬ «ዘንጉን እንደ አንድ ስፕሪንግና አንድ ክብደት ቁጠሪው፣ ይበቃል» አሉኝ። እውነት ይበቃል? ካልበቃስ ከየት ልጀምር? (ከአዳማ)

መልስ፦ እህቴ፣ ጎበዝ፣ ጥሩ ርዕስ ነው የያዝሽው። አማካሪሽ ያሉት ለመነሻ ይሆናል፣ የነገሩን መጠን ያስጨብጥሻል። መድረሻ ግን አይሆንም። ለምን እንደማይሆን በቁጥር እንየው።

የ1,500 ሜትር ጉድጓድ እንውሰድ። ዘንጉ ከላይ እስከ ታች 22.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ብረት ይሁን፤ የተቆረጠው ፊት ስፋት 388 ካሬ ሚሊ ሜትር ይሆናል። ከነመጋጠሚያው በሜትር 3.3 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ ጠቅላላው 5 ቶን ገደማ ነው። የፕለንጀሩ ዲያሜትር 44.5 ሚሊ ሜትር፣ የፈሳሹ እፍጋት በሜትር ኩብ 900 ኪሎ ግራም። ከቱቦው ውጭ ያለው ፈሳሽም ወርዶ ፓምፑ አጠገብ ደርሷል እንበል። እንግዲህ ፕለንጀሩ የሚሸከመው ጭነት 20.5 ኪሎ ኒውተን ነው፣ 2 ቶን ትንሽ ፈቀቅ ያለ። ይህ ጭነት ዘንጉ ላይ ሲያርፍ ምን ያህል ይለጠጣል? ጭነቱን በርዝመቱ አባዢ፣ ለስፋቱና ለያንግ ሞዱለስ (ብረቱ መለጠጥን ምን ያህል እንደሚቋቋም የሚያሳይ ቁጥር) ብዜት አካፍዪ። ሞዱለሱን 207 ጊጋ ፓስካል ብትወስጂ 38 ሴንቲ ሜትር ታገኛለሽ።

ይህ ቁጥር ላይ ትንሽ ቆም በዪ። ከላይ ምቱ፣ ማለትም ዘንጉ በአንድ መውጣት የሚሄደው ርቀት፣ 2.5 ሜትር ከሆነ፣ ማሽኑ ወደ ላይ መሳብ ሲጀምር የመጀመሪያው 38 ሴንቲ ሜትር የሚሄደው ዘንጉን በመለጠጥ ብቻ ነው። ፕለንጀሩ ገና ካለበት አልተነቃነቀም። ሲወርድም እንደዚያው፤ መጀመሪያ ዘንጉ ይሰበሰባል፣ ከዚያ ነው ታቹ የሚወርደው። ከምቱ 15 በመቶ ያህሉ ጠፋ ማለት ነው። ቱቦው ከታች በመልሕቅ ካልታሰረ ደግሞ እሱም በተራው እየተለጠጠ ሌላ ይቀንሳል።

እስከዚህ ድረስ የአማካሪሽ ስፕሪንግ በደንብ ይሠራል። የማይሠራው ጊዜ ሲገባ ነው። ብረት ውስጥ አንድ ጉተታ የሚጓዘው በድምፅ ፍጥነት ነው፤ በሳከር ሮድ ውስጥ በሰከንድ 4,970 ሜትር አካባቢ። ስለዚህ ላይ የሆነው ነገር ታች የሚሰማው ከ0.3 ሰከንድ በኋላ ነው፣ ማሚቶው ተመልሶ ላይ ለመድረስ ሌላ 0.3 ሰከንድ። ረጅም ገመድ ጫፉን ይዘሽ ስትመቺው እጥፋቱ እየሮጠ ሄዶ እንደሚመለሰው ማለት ነው። በደቂቃ 8 ምት በሚሠራ ማሽን አንዱ መውጣት ከ4 ሰከንድ ያነሰ ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ማዕበሉ ብዙ ጊዜ ይመላለሳል፣ አንዱ በሌላው ላይ ይደረባል። ላዩ ወደ ታች መመለስ ሲጀምር ታቹ ገና እየወጣ ይሆናል። ከዚህም ሌላ ዘንጉ የራሱ የመወዛወዝ ድግግሞሽ አለው፤ ላዩ ታስሮ ታቹ ነፃ ሲሆን የማዕበሉ ፍጥነት ለርዝመቱ አራት እጥፍ ይካፈላል፣ ለእኛ ጉድጓድ በደቂቃ 50 ገደማ። የ8 ስድስተኛ ብዜት 48 ነው። ተጠጋግተዋል። አንድ ክብደትና አንድ ስፕሪንግ እንዲህ ያለውን ነገር በትክክል አያሳይሽም።

ታሪኩን በአጭሩ ማወቁ ይጠቅምሻል፣ ምክንያቱም መጻሕፍቱ ውስጥ ሦስቱም ዘዴ ተደባልቆ ነው የምታገኚው። በ1939 ሚልስ የሚባል መሐንዲስ ዘንጉን እንደማይለጠጥ ቆጥሮ፣ ለፍጥነት ለውጡ አንድ ማባዣ አወጣ፦ የምቱ ርዝመት በሜትር ሲባዛ በደቂቃ ምት ካሬ፣ ሲካፈል ለ1,790። ለእኛ ጉድጓድ 0.089 ይመጣል፤ የዘንጉ ክብደት ላይ 9 በመቶ መጨመርና መቀነስ ማለት ነው። ለግምት ጥሩ ነው፣ ጥልቀት ሲጨምር ግን ይስታል። ከዚያ በ1950ዎቹ ኩባንያዎች ተባብረው በካንሳስ ሲቲ በሚገኘው ሚድዌስት የምርምር ተቋም በአናሎግ ኮምፒውተር አስጠኑት፤ ውጤቱ በ1967 የአሜሪካ ፔትሮሊየም ኢንስቲትዩት 11ኤል የሚባለው የስሌት መመሪያ ሆኖ ወጣ። ሠንጠረዡ የሚሠራው ግን ለብረት ዘንግ፣ በደንብ ለሚሞላ ፓምፕና ለመደበኛው ማሽን ነው።

መንገዱን የቀየረው በሼል ይሠራ የነበረው ሳም ጊብስ ነው። በ1963 ባወጣው ጽሑፍ ዘንጉን እንዳለ፣ በማዕበል ቀመር ገለጸው። በቃል ሲነገር ቀላል ነው፦ በእያንዳንዱ የዘንጉ ነጥብ ላይ የሚታየው ፍጥንጥነት የማዕበሉ ፍጥነት ካሬ ሲባዛ በዚያ ቦታ የመለጠጡ ለውጥ ነው፤ ከዚህ ላይ ፍጥነቱ በአንድ የሰበቃ ቁጥር ተባዝቶ ይቀነሳል። የዘንጉን ክብደት ለብቻ ትደምሪዋለሽ። በ1966 ደግሞ ጊብስ ኒሊ ከሚባል ሌላ ተመራማሪ ጋር ሆኖ ነገሩን ገለበጡት፤ ከላይ የተለካውን ጭነትና እንቅስቃሴ አስገብቶ ታች ያለውን ማውጣት። ለዳላሱ ወንድማችን የነገርነው ሳጥን የሚሠራው በዚህ ሐሳብ ነው።

አንቺ መጀመሪያ ቀጥተኛውን አቅጣጫ ሥሪ፤ የላዩን እንቅስቃሴና የፓምፑን ሁኔታ አስገብተሽ ጭነቱን ማውጣት ማለት ነው። ላይኛው ጫፍ ላይ የሚሰጠው እንቅስቃሴ ነው፤ ሳይን አድርገሽ አትለፊው፣ የማሽኑን አራት ክንዶች ጂኦሜትሪ አስገቢ፣ ምክንያቱም መውጣቱና መውረዱ እኩል አይደሉም። ታችኛው ጫፍ ላይ ነው ጨዋታው። እዚያ ያለው ሁኔታ ይቀያየራል። ፕለንጀሩ ሊወጣ ሲል ሁለቱም ቫልቭ ተዘግቷል፣ ጭነቱ ወደ ዘንጉ እየተዛወረ ነው፣ ፕለንጀሩ አይነቃነቅም። ጭነቱ 20.5 ሲደርስ የታችኛው ቫልቭ ይከፈታል፣ ከዚያ ጭነቱ ሳይለወጥ ፕለንጀሩ ይወጣል። ሲወርድ በተቃራኒው። ፓምፑ ካልሞላ ደግሞ ጭነቱ የሚለቀው ፕለንጀሩ ፈሳሹን ሲያገኝ ነው እንጂ ከላይ አይደለም። እነዚህን ሁኔታዎች በኮድ መጻፍ ከቀመሩ ይበልጥ ጊዜ ይወስድብሻል፣ አትቸኩዪበት።

ለስሌቱ ፋይናይት ዲፈረንስ፣ ማለትም ዘንጉንና ጊዜውን በትንንሽ እርምጃ ከፍሎ ማስላት፣ በቂ ነው። ዘንጉን በየ50 ሜትሩ ብትከፍዪው የጊዜ እርምጃሽ ከ0.01 ሰከንድ መብለጥ የለበትም። ከበለጠ ማዕበሉ ከስሌቱ ቀድሞ ያልፋል፣ ቁጥሮቹም ይፈነዳሉ። ዘንጉ ከላይ ወፍራም ከታች ቀጭን ከሆነ፣ እውነተኞቹ ጉድጓዶች አብዛኞቹ እንዲያ ናቸው፣ በመጋጠሚያው ላይ ጭነቱም እንቅስቃሴውም እኩል እንዲሆን አድርጊ።

ፓምፑን ከመጨመርሽ በፊት ፕሮግራምሽን ፈትኚው። ማሽኑን አቁሚና 20.5 ኪሎ ኒውተን አንጠልጥዪ፣ 38 ሴንቲ ሜትር ካልሰጠሽ አንድ ቦታ ተሳስተሻል። ጭነቱን አንሺና በአየር ላይ በራሱ ክብደት ብቻ ይንጠልጠል፣ 45 ሴንቲ ሜትር መምጣት አለበት። ላዩን ቶሎ ጎትተሽ ልቀቂ፣ ታቹ በ0.3 ሰከንድ ይስማ። ታቹን ነፃ አድርገሽ አወዛውዢው፣ በደቂቃ 50 አካባቢ ይምታ። እነዚህ አራቱ ሳይገጥሙ ወደ ፊት አትሂጂ፤ ብዙ ተማሪ እዚህ ዘሎ ነው መጨረሻ ላይ የሚያማምር ግን የማይታመን ግራፍ ይዞ የሚቀርበው።

የሚቀረው የሰበቃው ቁጥር ነው፣ እኔ ከሁሉም በላይ የምጠረጥረው እሱን ነው። ቀመሩ ሰበቃን ሁሉ ከፍጥነት ጋር የሚያድግ የፈሳሽ መጎተት አድርጎ ይወስደዋል። ቀጥ ባለ ጉድጓድ፣ በቀጭን ዘይት ይህ ያስኬዳል። ጉድጓዱ ከተጣመመ ግን ዘንጉ ቱቦውን እየፋቀ ነው የሚሄደው፤ ያ ሰበቃ በፍጥነት ሳይሆን በጎን ግፊት ነው የሚወሰነው። ከላይ ወደ ታች ስታሰዪ የሰበቃውን ቁጥር አሳንሰሽ ከወሰድሽ የፓምፑ ካርድ፣ ማለትም በአንድ ዙር የፓምፑን ጭነት ከእንቅስቃሴው ጋር የሚያሳየው ግራፍ፣ ያብጣል፣ ፓምፑ ከሚሠራው በላይ የሠራ ይመስላል። አብዝተሽ ከወሰድሽ ካርዱ ይኮማተራል፣ ጥጎቹም ይጠላለፋሉ። ቱቦው በታሰረና ፓምፑ በሞላ ጉድጓድ ካርዱ አራት ማዕዘን ሊሆን ይገባዋል፤ መለኪያሽ ይኸው ነው። ለመመረቂያ ሥራሽ አንድ ውጤት ብቻ አታቅርቢ፣ የሰበቃውን ቁጥር እጥፍና ግማሽ አድርገሽ መልሱ ምን ያህል እንደሚዋዥቅ አሳዪ። አማካሪሽም ይወዱታል።

ጥያቄ፦ በባሕረ ሰላጤው አገር በአንድ የነዳጅ መስክ የጥገና ቡድን ውስጥ እሠራለሁ። አንድ ጉድጓድ አለ፣ ዘንጉ በተደጋጋሚ ይሰበርብናል። የሚሰበረው ሁልጊዜ ታች አካባቢ ነው። አለቆቻችን «ጠንካራ ዘንግ እንግዛ» ይላሉ። ግን ትልቁ ጭነት ያለው ላይ አይደል እንዴ? ታች ለምን ይሰበራል? (ከባሕረ ሰላጤው)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጥያቄህ ትክክለኛው ጥያቄ ነው። ትልቁ ጭነት ላይ መሆኑ እውነት ነው። ከላይ ባሰላነው ጉድጓድ ላይ የዘንጉ አናት ሲወጣ ወደ 73 ኪሎ ኒውተን ይሸከማል፣ ከ7 ቶን በላይ። ሲወርድ 39 ገደማ ይቀራል። በብረቱ ውስጥ ያለው ውጥረት በ189 እና በ99 ሜጋ ፓስካል መካከል ይመላለሳል ማለት ነው። ሲ በሚባለው የጥንካሬ ደረጃ የተሠራ ዘንግ እስኪበጠስ ቢያንስ 620 ይችላል። ታዲያ ምን ይሰብረዋል?

የሚሰብረው መመላለሱ ነው። በደቂቃ 8 ምት ማለት በቀን 11,520፣ በዓመት ከ4 ሚሊዮን በላይ ማለት ነው። ብረት ይደክማል። ለዚህ የሚያገለግለው የተሻሻለው የጉድማን ስሌት ነው፦ የተፈቀደው ከፍተኛ ውጥረት የመበጠሻው አንድ አራተኛ ሲደመር ዝቅተኛው ውጥረት በ0.5625 ተባዝቶ፣ ድምሩ ደግሞ በአገልግሎት ማባዣ (ጉድጓዱ ለብረቱ ምን ያህል ጎጂ እንደሆነ በሚያሳይ ቁጥር) ይባዛል። ለእኛ ዘንግ ማባዣውን 1 ብንል የተፈቀደው 211 ይሆናል፤ ከተፈቀደው የመመላለስ ክልል 80 በመቶውን ተጠቅመናል። ደህና ነው። አሁን ጉድጓዱ ጨዋማ ውኃ አለው እንበልና ማባዣውን ወደ 0.65 እናውርደው። የተፈቀደው 137 ይሆናል፣ አጠቃቀማችንም 80 የነበረው ከ230 በመቶ በላይ ይወጣል። ዘንጉ ያው ነው፣ ጭነቱ ያው ነው፣ የተለወጠው ውኃው ብቻ ነው። ዝገት የቆፈራት ትንሽ ጉድጓድ ውጥረቱን ሁሉ ወደ እሷ ትስባለች፣ ስንጥቁም ከእሷ ይነሳል።

የታቹ ጉዳይ ግን ሌላ ነው። ዘንግ ለመጎተት ነው የተሠራው፣ ለመገፋት አይደለም። ሲወርድ ታች ላይ የሚገፋው ነገር አለ፤ የፕለንጀሩና የበርሜሉ ሰበቃ፣ በቫልቩ ቀዳዳ የሚያልፈው ፈሳሽ መቋቋም፣ ፓምፑ ካልሞላ ደግሞ ያ ምት። ከታች ጫፍ አጠገብ የዘንጉ ክብደት ገና ትንሽ ስለሆነ ይህን ግፊት የሚያሸንፍ ጉተታ የለም። ታዲያ ለመጉበጥ ምን ያህል ግፊት ይበቃዋል? ለረጅም ተንጠልጣይ ዘንግ ሉቢንስኪ የሚባል መሐንዲስ ያወጣውን ስሌት ብትጠቀም፣ ለ22.2 ሚሊ ሜትር ዘንግ 250 ኒውተን ገደማ ይመጣል። 25 ኪሎ! 7 ቶን የሚጎትተው ዘንግ በ25 ኪሎ ግፊት ይጎብጣል። ይህን ለአለቆችህ አሳያቸው፣ ክርክሩ ያኔ ይለወጣል። በየምቱ እየጎበጠ የሚቀና ዘንግ ጭነቱ ትንሽ ቢሆንም በመታጠፉ ይደክማል፣ ቱቦውንም ይቦረቡራል።

ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት የተሰበረውን ፊት አይ። በድካም የተሰበረ ዘንግ ፊቱ ሁለት መልክ አለው። ከጠርዙ ከአንዲት ነጥብ ተነስቶ እንደ ግማሽ ጨረቃ የተዘረጋ ለስላሳ ክፍል፣ ቀሪው ደግሞ ሻካራና የተቀደደ። ለስላሳው ስንጥቁ ቀስ እያለ የሄደበት ነው፣ ሻካራው የመጨረሻዋ ምት። የመነሻዋን ነጥብ ፈልጋት። ጉድጓድ ካለባት ዝገት ነው። የመዶሻ ወይም የቁልፍ ጠባሳ ካለባት እጅ ነው ያበላሸው። ከሁለቱ አንዱም ከሌለና አጠገቡ ያሉ መጋጠሚያዎች በአንድ ጎን ተልጠው ካገኘሃቸው፣ መጉበጡን ጠርጥር። ሁለቱን ስባሪ ፊት ለፊት አታጋጥማቸው፣ በሽቦ ብሩሽም አትፈግፍጋቸው፤ ማስረጃው ይጠፋል።

መጉበጥ ከሆነ መፍትሔው ከታች ክብደት መጨመር ነው። ሲንከር ባር የሚባሉ ወፋፍራም ብረቶች ከፓምፑ በላይ ይገባሉ፣ ግፊቱን እነሱ ይሸከሙታል፣ ከላያቸው ያለው ዘንግ ሁልጊዜ በጉተታ ላይ ይቆያል። ፓምፑ የማይሞላ ከሆነ ፍጥነቱን ቀንሱ። ምርቱን ለመጠበቅ ምቱን አርዝሞ ቁጥሩን መቀነስ አብዛኛውን ጊዜ ለዘንጉ ይሻለዋል። መሐንዲሶቹን ስትጠይቅ ደግሞ የላዩን ጭነት ብቻ እንዳይሰጡህ፤ «በመውረድ ጊዜ ከታች ያለው ዝቅተኛ ጭነት በየቦታው ስንት ነው?» በላቸው። ፕሮግራሙ ያወጣዋል፣ ካልጠየቁት ግን ማንም አያየውም።

ጠንካራውን ዘንግ በተመለከተ፣ ጋዙ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ካለበት እንዳትቸኩሉ። ጥንካሬ በጨመረ ቁጥር ብረቱ ለዚያ ጋዝ ስንጥቅ ይበልጥ ይጋለጣል። ገንዘብ ወጥቶ ነገሩ ሊብስ ይችላል። አንድ ሌላ ነገር፦ መጋጠሚያ አልፈታ ሲል በመዶሻ የመምታት ልማድ ካላችሁ ዛሬውኑ ተዉት።

ጥያቄ፦ በወረዳ ውኃ ጽሕፈት ቤት የእጅ ፓምፕ እጠግናለሁ። የእኛም ፓምፕ ዘንግ፣ ፕለንጀርና ሁለት ቫልቭ ነው ያለው። ይህ ሁሉ ስሌት ለእኛም ይሠራል? (ከደብረ ታቦር)

መልስ፦ አሠራሩ ያው ነው፣ ትክክል ብለሃል። መጠኑ ግን በጣም ይለያያል። 45 ሜትር ጥልቀት፣ 12 ሚሊ ሜትር የብረት ዘንግ፣ 50 ሚሊ ሜትር ሲሊንደር ብንወስድ የውኃው ጭነት ወደ 870 ኒውተን ነው፣ ዘንጉ የሚለጠጠውም 2 ሚሊ ሜትር አይሞላም። ማዕበሉ ታች ደርሶ የሚመለሰው በሰከንድ ሃምሳኛ ውስጥ ነው። ስለዚህ ለእናንተ ዘንጉ እንደ አንድ ደረቅ ብረት ቢቆጠር ምንም አይጎድልም። ውኃ ከቀነሰ መለጠጡን ትተህ ጎማውን፣ ቫልቩንና የቱቦውን መጋጠሚያ ተመልከት። ድካምና ዝገት ግን ለእናንተም ያው ናቸው። ውኃው ዝገት የሚያመጣ ከሆነ፣ በተለይ ጥርስ ያለው ዘንግ መጋጠሚያው ሥር ነው የሚቆረጠው። በእያንዳንዱ ጥገና እዚያ ቦታ ላይ ጣትህን አዙርበት፣ የተበላ ካለ ሳይሰበር ቀይረው።

ጥያቄ፦ በካሉብና በሂላላ መስኮች ሥራ ምክንያት እኛም ጋ እነዚህን የሚነቀነቁ ማሽኖች እናያለን? (ከጅግጅጋ)

መልስ፦ ካሉብና ሂላላ በዋናነት የጋዝ መስኮች ናቸው። ጋዝ በራሱ ግፊት ነው የሚወጣው፣ ሳከር ሮድ የሚያስፈልገው በራሱ መውጣት ላቃተው ዘይት ነው። አንድ የተለየ ሁኔታ ግን አለ። የጋዝ ጉድጓድ ሲያረጅና ግፊቱ ሲወርድ ውኃ ከታች ይጠራቀምበትና ጋዙን ያፍነዋል። ያን ውኃ ለማውጣት በሌላው ዓለም ፓምፕ ጃክ የሚተከልበት ጊዜ አለ። ያ ግን የእርጅና ዘመን ሥራ ነው።

ጥያቄ፦ ከፋይበርግላስ የተሠራ ዘንግ አይዝግም፣ ቀላልም ነው ሲባል ሰማሁ። ታዲያ ለምን ሁሉም ወደ እሱ አይሄድም? (ከሂዩስተን)

መልስ፦ የሰሙት እውነት ነው። ክብደቱ የብረቱን ሲሶ አካባቢ ነው፣ ጨዋማ ውኃም አይበላውም። ግን ሞዱለሱ የብረቱ ሩብ ያህል ነው። በእኛ ጉድጓድ ላይ በተመሳሳይ ውፍረት ከላይ እስከ ታች ፋይበርግላስ ብናደርግ ያ 38 ሴንቲ ሜትር 1.5 ሜትር ይሆናል። ከ2.5 ሜትር ምት ለፓምፑ የሚተርፈው ትንሽ ነው። ሰዎቹ ይህን ወደ ጥቅም የሚለውጡበት መንገድ አላቸው። ላዩን ፋይበርግላስ፣ ታቹን ከባድ ብረት አድርገው ፍጥነቱን ሲመርጡ፣ የብረቱ ክብደት በመጨረሻው ላይ ዘንጉን ይበልጥ ይጎትትና የታቹ ምት ከላዩ እንዲበልጥ ያደርጋል። ይሠራል። ግን እንዲህ ያለውን ነገር በሚልስ ቀመርም በ11ኤል ሠንጠረዥም ማስላት አይቻልም፣ ሙሉውን የማዕበል ስሌት ይፈልጋል።

ደካማ ጎኑ ግፊት ነው። ብረት ትንሽ ሲገፋ ይጎብጥና ይመለሳል፤ ፋይበርግላስ ግን ከተገፋ ቃጫው ይሰነጠቃል፣ ጫፉ ላይ ያለው የብረት ማያያዣም ይላቀቃል። ስለዚህ የሚሸጥልዎ ሰው ሲመጣ የዋጋውን ወረቀት ከማየትዎ በፊት፣ ፋይበርግላሱና ብረቱ በሚገናኙበት ቦታ ላይ ሲወርድ ያለውን ዝቅተኛ ጭነት ያሳይዎ። ፓምፑ ሲሞላ ብቻ ሳይሆን፣ ግማሽ ሞልቶ ሲመታም ጭምር። በሁለቱም ጉተታ ላይ ከቀረ ይግዙት። በአንዱ እንኳ ወደ ግፊት ከገባ፣ ሲንከር ባሩ ይጨመርና ስሌቱ እንደገና ይሠራ።